ቢጫው ቀለም የሚናገረውና የማይናገረው፦ ጠቋሚ ቀለሞችና የአፈር አሲዳማነት

አልጫ ወጥ የነካው ነጭ ልብስ በሳሙና ሲታሽ ቢጫው እድፍ በድንገት ወደ ቀይ ይለወጣል። ይህንን ያየ ሰው እድፉ የባሰበት ይመስለዋል። ልብሱ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ሲለቀለቅ ግን ቀዩ ይደበዝዝና ቢጫው ይመለሳል፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ መመለሱ ይፈጥናል። ቀለሙን የለወጠው በወጡ ውስጥ ያለው እርድ ነው። እርድ ሎሚና ሆምጣጤን በመሰለ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይቆያል፤ ሳሙናና የአመድ ውኃን በመሰለ ነገር ውስጥ ሲገባ ይቀላል።

እንዲህ ያሉ ቁሶች በሳይንሱ ቋንቋ ጠቋሚ ቀለሞች ይባላሉ። ያሉበት ፈሳሽ አሲድ ይሁን ቤዝ በቀለማቸው ያሳያሉ። ኮምጣጣው አሲድ ነው፤ የአመድና የሳሙና ባሕርይ ያለው ደግሞ ቤዝ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ፒኤች በሚባል መለኪያ ይገለጻል። ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 የሚቆጠር ሲሆን 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ይባላል።

በትምህርት ቤትና በላቦራቶሪ ከሚታወቁት ጠቋሚ ቀለሞች አንዱ ብሮሞታይሞል ብሉ ይባላል። ፒኤቹ ከ6.0 በታች በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ቢጫ፣ ከ7.6 በላይ በሆነው ውስጥ ሰማያዊ፣ በመካከሉ ደግሞ አረንጓዴ ነው። የዚህ ቀለም ጉዳይ የኬሚስቶች ብቻ አይደለም። ኖራ ለመግዛት የሚያስብ አርሶ አደር የማሳውን አፈር በጠቋሚ ቀለም ሲፈትሽ ወይም ሲያስፈትሽ፣ ቀለሙ የሚነግረውን ከማይነግረው መለየት ካልቻለ ገንዘቡንም የአንድ ዓመት አዝመራውንም ሊያጣ ይችላል።

ስሙ ባዕድ ቢመስልም ግማሹ ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ቅርብ ነው። ታይሞል በጦስኝና በነጭ አዝሙድ ዘይት ውስጥ የሚገኝ፣ ለሁለቱም ያንን የታወቀ ጠንካራ ሽታ ከሚሰጧቸው ቁሶች አንዱ የሆነ ንጥረ ነገር ነው። ኬሚስቶች ታይሞልን ከሌሎች ቁሶች ጋር አዋሕደው፣ ብሮሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲጨምሩበት ይህ ቀለም ይገኛል። ሻይ ላይ የሚጣለው ጦስኝ ግን እንዲህ ያለ ባሕርይ የለውም።

ቀለምን በመሣሪያነት የመጠቀም ሐሳብ የቆየ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይኖር የነበረው አየርላንዳዊው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው ስለ ቀለማት የሚያትት መጽሐፍ ከአበባ የተጨመቀ ሰማያዊ ፈሳሽ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ገልጿል። በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀው ሊትመስ ወረቀትም በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፈው ከሚያድጉ ሕያዋን በሚወጣ ቀለም የተነከረ ነው። እነዚህ ሁሉ “አሲድ ነው” ወይም “አይደለም” ከማለት ብዙም አያልፉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሲሠራ የፒኤችን መለኪያ አስተዋወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የወተት ዘርፍ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ማንስፊልድ ክላርክ እና ኸርበርት ለብስ፣ እያንዳንዳቸው የተለያየ የፒኤች እርከን የሚያሳዩ ጠቋሚ ቀለሞችን በተርታ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1917 ሰፊ ጥናታቸውን አሳተሙ። ብሮሞታይሞል ብሉ ከዚያ ተርታ ውስጥ ነው። ወተትን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ለማጥናት የተደረገ ሥራ ከጊዜ በኋላ ለአፈር ምርመራም መዋሉ የሚያስገርም አይደለም፤ መኮምጠጥ ለወተትም ለመሬትም ችግር ነውና።

ቀለሙ እንዴት ይለወጣል? የብሮሞታይሞል ብሉ ሞለኪውል ሊሰጠውም መልሶ ሊቀበለውም የሚችለው አንድ ሃይድሮጂን አለው። በዙሪያው አሲድ ሲበዛ ሃይድሮጂኑን ይዞ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ከብርሃን ውስጥ ሰማያዊና ወይን ጠጁን ወገን ስለሚውጥ ለዓይን ቢጫ ሆኖ ይታያል። አሲዱ ሲቀንስ ሃይድሮጂኑን ይለቃል፤ የሞለኪውሉ የኤሌክትሮን አደራደር ስለሚቀየር የሚውጠው ብርሃን ወደ ቀዩና ብርቱካናማው ወገን ይሻገራል፤ የሚታየውም ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴ የሚባል ሦስተኛ መልክ የለውም። ገሚሶቹ ሞለኪውሎች ቢጫ፣ ገሚሶቹ ሰማያዊ ሲሆኑ ዓይን ሁለቱን አዋሕዶ አረንጓዴ ያያል። ይህንን ለማየት ቀላሉ መንገድ ትንፋሽ ነው። ሰማያዊ በሆነው ውኃ ውስጥ በቀጭን መምጠጫ ሲነፋ፣ በትንፋሽ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ደካማ አሲድ ስለሚፈጥር ፈሳሹ ቀስ በቀስ አረንጓዴ፣ ከዚያም ቢጫ ይሆናል። ፈሳሹ የሚጠጣ ስላልሆነ ሕፃናት ሲሞክሩት አዋቂ አጠገባቸው መሆን አለበት።

ከብርጭቆው ወደ ማሳው ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ግምት አለ። ዝናብ የሚበዛባቸው፣ ቀይ አፈር ያላቸው የምዕራብና የመካከለኛው ደጋ አካባቢዎች ይበልጥ ተጎጂዎች ናቸው፤ በአማራ ክልል አዊ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም እንዲሁም የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ሁልጊዜ ይነሣሉ። ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን እያጠበ ወደ ታች ይወስዳቸዋል። ከአዝመራ በኋላ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚሄድ ከመሬቱ የወጣው አይመለስም። ዩሪያን የመሰሉ ናይትሮጂን ያላቸው ማዳበሪያዎችም ለዓመታት ሲደጋገሙ አሲዱን ይጨምራሉ። በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ውስጥ የጓሮው አፈር ከሩቁ ማሳ የተሻለ ሆኖ የሚገኘውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አመዱና የከብቱ ፍግ የሚደፋው እዚያው ጓሮ ነውና።

ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ሸክላ ውስጥ ተይዞ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይመርዛል። ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል፤ ውኃና ምግብ ፍለጋ ወደ ጥልቁ አይወርድም። ፎስፎረስም በብረትና በአሉሚኒየም ተጠፍሮ ይያዛል፤ አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ ገዝቶ ከበተነው ማዳበሪያ ሰብሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። “ማዳበሪያው ዘንድሮ አልሠራም” የሚል ቅሬታ ሲሰማ ከከረጢቱ በፊት መሬቱን መመርመር የሚገባው ለዚህ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ በእንዲህ ያለ መሬት ቶሎ ይጎዳሉ። ድንች፣ ግብጦና በጎጃም እንግዶ የሚባለው አጃ የተሻለ ይታገሣሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብዙ አርሶ አደሮች የእህል ማሳቸውን ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ወደ መትከል ያዞሩት ከሰሉ ገበያ ስላገኘ ብቻ ሳይሆን መሬቱ እህል መስጠት እየተሳነው በመሄዱም ጭምር ነው።

የቀለም ምርመራ በዚህ ጊዜ ጥቅም አለው፤ ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ ማሳው ዳር ላይ ይሠራል። ጥንቃቄው ግን ቀለሙ ከመንጠባጠቡ በፊት ይጀምራል። አንድ እፍኝ አፈር የአንድን ማሳ ጠባይ አይናገርም። ማሳውን ወዲያና ወዲህ እያቋረጡ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር በእኩል መጠን ወስዶ በንጹሕ ባልዲ ማደባለቅ ያስፈልጋል። የፍግ ክምር የነበረበት፣ ከሰል የከሰለበት፣ ኩይሳ ያለበት፣ የአሮጌ ቤት ፍራሽና የዛፍ ሥር መወሰድ የለበትም። ባልዲው ማዳበሪያ፣ ኖራ ወይም አመድ የተያዘበት ከሆነ ውጤቱ ከንቱ ነው። ተዳፋቱና ሜዳው፣ ቀዩና ጥቁሩ አፈር ለየብቻ ይወሰዳሉ።

ከዚያ ጥቂት አፈር በነጭ ሰሐን ላይ ተደርጎ ጠቋሚው ቀለም ይንጠባጠብበትና ይለወሳል። የአፈሩ ራሱ ቀይነት ቀለሙን እንዳይሸፍነው፣ ለዚህ በተዘጋጁ የመመርመሪያ ዕቃዎች ውስጥ ባሪየም ሰልፌት የተባለ ነጭ ዱቄት ይገኛል፤ በእርጥቡ አፈር ላይ ሲነሰነስ ቀለሙን ወደ ላይ ስቦ በነጩ ዱቄት ላይ ያሳየዋል። ያም አብሮ ከሚመጣው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። አፈሩን በውኃ በጥብጦና አጥልሎ መሞከርም ይቻላል፤ ሆኖም የውኃው ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ አፈሩን ከእውነተኛ ጠባዩ የተሻለ ያስመስለዋል። የዝናብ ውኃ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ራሱ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ በመሆኑ ብሮሞታይሞል ብሉን ያለ አፈርም ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። የሚሻለው የተጣራ ዲስትልድ ውኃ ነው። እሱንም ከመኪና መለዋወጫ መደብር የሚገዛ ሰው ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳያምታታው ስሙን ጠርቶ ይጠይቅ፤ የባትሪ አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ብሮሞታይሞል ብሉ ከ6.0 በታች ላለው ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው፤ ቢጫ። ፒኤቹ 5.8 የሆነ ማሳና 4.8 የሆነ ማሳ በዚህ ቀለም ፊት አንድ ናቸው። የፒኤች እርከን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ የሚጨምር ሳይሆን በእያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ማሳ ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ የበለጠ የአሲድ መጠን አለው። በመጀመሪያው ገብስ ሊያፈራ ይችላል፤ በሁለተኛው አሉሚኒየሙ ሥሩን ይዞታል። ቢጫውን ብቻ አይቶ ሁለቱንም እኩል ማከም በአንደኛው ማሳ ላይ ገንዘብ ማባከን፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ በሽታውን በግማሽ መተው ነው።

ስለዚህ ሌላ ቀለም ያስፈልጋል። ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለው ጠቋሚ ከ3.8 በታች ቢጫ፣ ከ5.4 በላይ ሰማያዊ ሲሆን በመካከሉ አረንጓዴ ነው። አንድ የአፈር ናሙና ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ቀለሞች ሲሞከር፣ ብሮሞታይሞሉ ቢጫ፣ ብሮሞክሬሶሉ ሰማያዊ ከሆኑ አፈሩ በ5.4 እና በ6.0 መካከል ነው ማለት ነው፤ አሲዳማ ቢሆንም ገና አልከፋም። ብሮሞታይሞሉ ቢጫ፣ ብሮሞክሬሶሉ አረንጓዴ ከሆኑ ግን አሉሚኒየም ወደሚነቃበት ክልል ተገብቷል። በገበያ የሚገኘው “ዩኒቨርሳል” የተባለው ጠቋሚ ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ጠርሙስ ያደረገ ነው። ብሮሞታይሞል ብሉን ጨምሮ የበርካታ ቀለሞች ድብልቅ ስለሆነ ከቀይ ጀምሮ በብርቱካናማ፣ በቢጫና በአረንጓዴ አልፎ እስከ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይዘልቃል። ጠርሙሱን የሚገዛ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን “ከስንት እስከ ስንት ያሳያል?” የሚለው ነው።

ከዚህም በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱን ግን የትኛውም ቀለም አይመልሰውም። ጠቋሚ ቀለም የሚያየው በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለውን አሲድ ነው። አብዛኛው አሲድ ግን በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ውኃው ውስጥ ያለው በኖራ ሲጠፋ፣ ከመጠባበቂያው ወጥቶ ይተካዋል። ለኖራ መጠን ወሳኙ ይህ የተከማቸ አሲድ ሲሆን የሚለካውም በላቦራቶሪ ነው።

ልዩነቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር፣ እፍጋቱ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ቢሆን፣ ክብደቱ 1,800 ቶን ነው። በላቦራቶሪ ሲለካ የተከማቸው አሲድ በመለኪያው አሃድ 1 ከሆነ (አሃዱ በአንድ ኪሎ ግራም አፈር አንድ ሳንቲሞል ቻርጅ ይባላል) እሱን ለማክሸፍ 9 ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበቃል። ልኩ 3 ከሆነ 27 ኩንታል ያስፈልጋል። በተግባር ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ንጹሕና ደቃቅ ስለማይሆን ባለሙያዎች በዚህ ላይ ይጨምራሉ። ሁለቱ ማሳዎች በጠቋሚ ቀለም ተመሳሳይ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ግን የ18 ኩንታል ልዩነት፣ የመጓጓዣው ዋጋና የጉልበቱ ድካም አለ። በቀለሙ አሲዳማነቱ የታወቀ ማሳ ናሙናው በወረዳው የግብርና ባለሙያዎች በኩል ወደ አፈር ላቦራቶሪ መላክ ያለበትም ስለዚህ ነው። ቀለሙ የሚጠቅመው ከብዙ ማሳዎች መካከል የትኛው ቅድሚያ መላክ እንዳለበት ለመለየት፣ ደግሞም ኖራ ከተጨመረ በኋላ መሬቱ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለመከታተል ነው።

ይኸው ብሮሞታይሞል ብሉ ለአርሶ አደሩ በማይታይበት ሌላ ቦታም ይሠራል። በባቄላ፣ በምስርና በአኩሪ አተር ሥር ላይ በሚታዩት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለሰብሉ የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከዘር ጋር ተለውሶ የሚዘራው የባዮ ማዳበሪያ ሲዘጋጅ እነዚህ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ የሚያድጉበት ምግብ ላይ ይህ ቀለም ይጨመራል። የባቄላና የምስር ባክቴሪያዎች ፈጥነው እየተራቡ አሲድ ስለሚያወጡ አረንጓዴውን ምግብ ቢጫ ያደርጉታል፤ እንደ አኩሪ አተርና ግብጦ ያሉት ደግሞ ቀስ ብለው እያደጉ ወደ ሰማያዊ ይወስዱታል። ባለሙያው ከቀለሙ ተነሥቶ የትኛውን ወገን እንዳሳደገ ይገምታል። የባቄላዎቹ ባክቴሪያዎች ክፉኛ አሲዳማ በሆነ መሬት እንደሚዳከሙም መዘንጋት የለበትም። ኖራ ባልነካው እንዲህ ያለ ማሳ ላይ የባዮ ማዳበሪያ ብቻውን ብዙ ላይሠራ ይችላል።

ቀለሙ ሰማያዊ የሚሆንበት መሬትም አለ። በቆላማና ዝናብ አጠር አካባቢዎች፣ በአንዳንድ ጥቁር አፈር ላይም ፒኤቹ ከ7.6 በላይ ይወጣል። ጎረቤት ኖራ በትኖ አምርቷል ተብሎ በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ኖራ ቢጨመር ዚንክና ብረት ለሰብሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል፤ ቅጠሉም ይገረጣል።

ለእርሻ የሚውለው ኖራ ደቀቅ ብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀን በኩል እንደሚገኘው ዓይነት። ለግድግዳ ቀለም የሚበጠበጠው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ መጠኑም በእርሻ ኖራው ስሌት አይሰላም። የእርሻ ኖራ በውኃ ቶሎ ስለማይሟሟ ከዘር አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ከላይ ብቻ ተበትኖ የተተወ ኖራ ሥሩ ወዳለበት አይደርስም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መበተን ይገባል። መሬቱ ከአዝመራው በኋላ ከዚያው ጥልቀትና በዚያው መንገድ በተወሰደ ናሙና እንደገና ይመረመራል። የመጀመሪያው ቀን ውጤት ከማሳው ስምና ከቀኑ ጋር ተጽፎ ካልተቀመጠ ግን የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም።